በኔፓል የ42 ሜጋዋት የውሃ ኃይል ፕሮጀክት አክሲዮን ከመግዛታችን በፊት ምን እናጣራ?

ጥያቄ፦ «በኔፓል ተራራማ ክፍል በወንዝ ፍሰት ብቻ (ውሃ ሳያጠራቅም) 42 ሜጋዋት ሊያመነጭ የታቀደ ፕሮጀክት 60 በመቶ አክሲዮን እንድንገዛ ቀርቦልናል። እኛ የውጭ ባለሀብቶች ነን። ሻጩ የጥናት ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ሊያበቃ 18 ወር ይቀረዋል። ኃይሉ በዶላር እንደሚሸጥና ትርፍ ምርቱ ወደ ህንድ እንደሚላክ ነግሮናል። በርካሽ የሚሠራ የቻይና ተቋራጭም አግኝቷል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን እናጣራ?»

ምላሽ፦

ቀብዱን ለጊዜው ያዙት። ሻጩ ከነገራችሁ ሦስት ነገሮች አንዱ ለዚህ መጠን ፕሮጀክት አይሠራም፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ አብረው አይሄዱም። ይህን ስል ፕሮጀክቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። 42 ሜጋዋት የኔፓል ባንኮችና መሐንዲሶች በደንብ የለመዱት መጠን ነው። ዋጋው የተሰላው በሌለ ነገር ላይ ከሆነ ግን 60 በመቶውን በስንት እንደምትገዙ ገና አታውቁም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ሩፒ» ስል ደግሞ የኔፓልን ሩፒ ነው።)

በዶላሩ እንጀምር። በኔፓል ለአገር ውስጥ ፍጆታ የሚመረተውን ኃይል የሚገዛው አንድ አካል ነው፤ የመንግሥቱ የኔፓል ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን። በ1990ዎቹ የመጀመሪያዎቹ የውጭ ባለሀብቶች ሲገቡ፣ ለክሂምቲ (60 ሜጋዋት) እና ለቦቴ ኮሺ (36 ሜጋዋት)፣ ባለሥልጣኑ ዋጋውን ከዶላር ጋር አስሮ ፈረመ። ሩፒው በወደቀ ቁጥር ሂሳቡ በእሱ ላይ አበጠ። ያ ትምህርት ስላልተረሳ ዛሬ የዶላር ክፍያ የሚፈቀደው ከ100 ሜጋዋት በላይ ለሆኑ፣ በውጭ ብድር ለሚገነቡ ፕሮጀክቶች ነው፤ እሱም ቢበዛ ለ10 ዓመት ወይም ብድሩ እስኪከፈል ብቻ። በደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎችና በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የሚመራው የ216 ሜጋዋቱ አፐር ትሪሹሊ 1 የዚህ ዓይነት ነው። የእናንተ 42 ሜጋዋት በሩፒ ይሸጣል። ሒሳባችሁን በሩፒ ደግማችሁ ሥሩ።

በወንዝ ፍሰት ለሚሠሩ ጣቢያዎች ባለሥልጣኑ የሚከፍለው የታወጀ ዋጋ በክረምት በኪሎዋት ሰዓት 4.80 ሩፒ፣ በበጋ 8.40 ሩፒ ነው። በዚህ ላይ በየዓመቱ 3 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪው ግን የሚሰላው በመነሻው ዋጋ ላይ ብቻ ነው፣ ከ8 ጊዜ በኋላም ይቆማል። ስለዚህ የመጨረሻው ዋጋ 5.95 እና 10.42 ሩፒ ገደማ ይሆናል፤ የ30 ዓመቱ ውል እስኪያልቅ ድረስም እዚያው ይቀራል። ብዙ የውጭ ባለሀብት 3 በመቶውን አይቶ ለ30 ዓመት የሚቀጥል እየመሰለው ስሌቱን ያበላሻል። ሩፒው በዓመት 3 በመቶ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፦ በ8ኛው ዓመት የዶላር ዋጋችሁ ከመነሻው ብዙም አይለይም፣ 98 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ20ኛው ዓመት ግን ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። 3 በመቶ የተጋነነ ግምት አይደለም፤ በ2011 አካባቢ 75 ሩፒ ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በ2024 ከ130 አልፏል።

የኔፓል ሩፒ ከ1993 ጀምሮ ከህንድ ሩፒ ጋር በ1.6 ለ1 የታሰረ ነው። ለህንድ ባለሀብት የምንዛሪ ስጋቱ ቀላል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእናንተ ግን አይደለም። መፍትሔው ብድሩን በተቻለ መጠን ከኔፓል ባንኮች በሩፒ መውሰድና የውጭ ገንዘባችሁን ለባለቤትነት መዋጮው ብቻ ማዋል ነው። የአገር ውስጥ ወለድ ከፍ ይላል፣ ከወቅት ወቅትም ይዋዥቃል፤ ቢሆንም ገቢውም ዕዳውም በአንድ ገንዘብ ይሆናሉ። በዶላር ተበድሮ በሩፒ መሸጥ በርካሽ ወለድ የሚጀምርና በውድ የሚያልቅ ነገር ነው።

ወደ ህንድ መሸጡ በወረቀት ላይ ሰፊ ገበያ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በጥር 2024 በ10 ዓመት ውስጥ 10,000 ሜጋዋት ወደ ህንድ እንዲሸጥ ተፈራርመዋል። ነገር ግን የህንድ ፈቃድ የሚሰጠው ለአገር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጣቢያ ነው። በ2021 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ በህንድ የኃይል ገበያ እንዲሸጥ የተፈቀደው 39 ሜጋዋት ብቻ ነበር፤ ከትሪሹሊ 24፣ ከዴቪጋት 15። ሁለቱም በህንድ እርዳታ የተሠሩ ናቸው፤ ይህም በአጋጣሚ አልሆነም። በ2021 የወጣው የህንድ ደንብ፣ ከህንድ ጋር የመሬት ድንበር ያለውና የኃይል ስምምነት ያልተፈራረመ ሦስተኛ አገር በባለቤትነት ለገባበት ጣቢያ በሩን ይዘጋል። በተግባር ደንቡ ያነጣጠረው ቻይና ላይ ነው፤ ከባለቤትነት አልፎ ለቻይና ተቋራጭም ተተርጉሟል። ስለዚህ ርካሹን ተቋራጭ ከመረጣችሁ የህንድ ገበያን ከስሌታችሁ አውጡ፤ የህንድ ገበያን ከፈለጋችሁ ተቋራጩን ለውጡ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ የትርፍ ስሌት ውሃ አያነሳም። ወደ ባንግላዲሽም ሽያጭ ተጀምሯል፤ ያ ግን ባለሥልጣኑ ራሱ በህንድ መስመር በኩል በ6.4 የአሜሪካ ሳንቲም የሚልከው 40 ሜጋዋት ነው፣ እሱም በዓመት ለ5 የክረምት ወራት ብቻ። እናንተን አይመለከትም።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ። በ1992ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ ከ1 ሜጋዋት በላይ ለሆነ ጣቢያ ፈቃድ ግዴታ ነው። የጥናት ፈቃድ ቢበዛ 5 ዓመት ይቆያል። የማመንጫ ፈቃድ በሕጉ እስከ 50 ዓመት ሊሰጥ ይችላል፤ የ2001 ፖሊሲ ግን ለአገር ውስጥ ፍጆታ 35 ዓመት ይለዋል፤ ሲያበቃ ጣቢያው ያለ ክፍያ ለመንግሥት ይተላለፋል። 35 ዓመቱ የሚቆጠረው ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን እንጂ ተርባይኑ ከዞረበት ቀን አይደለም። ግንባታው 5 ዓመት ከወሰደ 30 ይቀራል፤ 8 ዓመት ከፈጀ የኃይል ግዥ ውሉ ገና እየሠራ ጣቢያው ከእጃችሁ ይወጣል።

የጥናት ፈቃድ የመመርመር መብት ነው፤ የማመንጨት መብት አይሰጥም። በቀሩት 18 ወራት ውስጥ የአዋጭነት ጥናቱ፣ የአካባቢ ጥናቱ፣ ከመረብ ጋር የመገናኘት ስምምነቱና የኃይል ግዥ ውሉ ተጠናቅቀው የማመንጫ ፈቃድ ማመልከቻ መግባት አለበት፤ አለዚያ ወንዙ ወደ መንግሥት ቅርጫት ይመለሳል። በተጨማሪም ሕጉ ያለ ባለፈቃጁ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ፈቃድ መሸጥም ማስተላለፍም ይከለክላል። ስለዚህ የሚገዛው የኩባንያው አክሲዮን ነው፤ ለባለቤትነት ለውጡም ከኤሌክትሪክ ልማት መምሪያ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

ፈቃድ ብቻውን ፕሮጀክት እንዳልሆነ የዌስት ሴቲን ታሪክ ማየት ይበቃል። 750 ሜጋዋት የታሰበለት ይህ ወንዝ በ1990ዎቹ ለአውስትራሊያ ኩባንያ ተሰጠ፣ በ2011 ተነጠቀ። በ2012 የቻይናው ስሪ ጎርጅስ ገባ፣ በ2018 ወጣ። በ2022 ለህንድ መንግሥት ኩባንያ ለኤንኤችፒሲ ተሰጠ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ሰነድ ሲለዋወጥ ግድብ አልቆመም። አፐር ካርናሊም (900 ሜጋዋት) በ2008 በመግባቢያ ሰነድ፣ በ2014 በልማት ስምምነት ለህንዱ ጂኤምአር ተሰጥቶ የፋይናንስ ቀነ ገደቡ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በአንጻሩ በሌላው የህንድ መንግሥት ኩባንያ የተያዘው የ900 ሜጋዋቱ አሩን 3 በ2014 ተፈርሞ በ2018 መሠረቱ ተጥሏል። ገዥውም፣ መስመሩም፣ ገንዘቡም ከአንድ ወገን ስለመጡ ነው የተራመደው። ኔፓል በበኩሏ 21.9 በመቶውን ኃይል በነጻ ታገኛለች።

የውሃው ጉዳይ ነው ብዙ ሊባልበት የሚገባው። ኃይሉን በኪሎዋት ለማግኘት በሰከንድ የሚገባውን ውሃ በሜትር ኩብ፣ በከፍታ ልዩነቱ በሜትር፣ ከዚያም በ8.5 አባዙ። 8.5 የመጣው ከ9.81 ላይ የተርባይን፣ የጄኔሬተርና የትራንስፎርመር ብክነት ተቀንሶ ነው። ለምሳሌ 17 ሜትር ኩብ ውሃ በ290 ሜትር ልዩነት ሲወርድ 41,905 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ይኸው 42 ሜጋዋታችሁ። ግን 17 ሜትር ኩብ የሚገኘው መቼ ነው? ባለሥልጣኑ የሚቀበለው ንድፍ ከዓመቱ 40 በመቶ በሚሆነው ጊዜ በሚገኝ ፍሰት ላይ የተመሠረተ ነው። በቀረው 60 በመቶ ጊዜ ጣቢያው ከሙሉ አቅሙ በታች ይሠራል። በኔፓል ከዓመቱ ዝናብ 80 በመቶ ያህሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በየካቲትና በመጋቢት ያው ወንዝ ወደ 4 ሜትር ኩብ ቢወርድ፣ ለወንዙ ሕይወት መለቀቅ ያለበት ቢያንስ የዝቅተኛው ወር አማካይ 10 በመቶ (0.4) ይቀነሳል፤ የአካባቢ ጥናቱ ከዚህ በላይ ካዘዘ የበለጠው ነው የሚቀነሰው። በቀረው 3.6 ሜትር ኩብ 8,874 ኪሎዋት ታመነጫላችሁ። የ42 ሜጋዋት ጣቢያ የ9 ሜጋዋት ጣቢያ ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ጊዜ የሚመረት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ግን ይበልጥ ውድ ነው። ጣቢያው በዓመት ከሙሉ አቅሙ 65 በመቶ ካመነጨ 239 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። 30 በመቶው በበጋው 6 ወር ቢመረት ከበጋ 602 ሚሊዮን፣ ከክረምት 803 ሚሊዮን፣ በድምሩ 1.4 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ይገኛል። የበጋው ምርት ሻጩ ካለው ግማሽ ቢሆን በየዓመቱ 301 ሚሊዮን ሩፒ፣ ማለትም ከገቢው 21 በመቶ ይጠፋል። የመዋጮ ባለቤቱ ትርፍ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ሌላ ቀላል ማጣሪያ አለ፦ 30 በመቶው የበጋ ምርት በ6 ወር ሰዓታት ሲካፈል በአማካይ 16.4 ሜጋዋት ይወጣል። የዝቅተኛው ወር 9 ሜጋዋት ከሆነ ታኅሣሥና ግንቦት ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለባቸው አስሉ፤ የወሩ ሠንጠረዥ ካልተስማማ አንዱ ቁጥር ተነካክቷል።

የሚጠየቀው ሰነድ የወርኃዊ አማካይ ሠንጠረዥ አይደለም፤ የተለካበት ማስታወሻ ነው። ብዙ የኔፓል ገባር ወንዞች መለኪያ ጣቢያ ስለሌላቸው ፍሰታቸው ከጎረቤት ወንዝ በተፋሰስ ስፋት ንጽጽር ይገመታል። ይህ ለክረምቱ ብዙ አይጎዳም፣ ለበጋው ግን ይሳሳታል፤ ምክንያቱም የበጋ ውሃ የሚመጣው ከምንጭና ከበረዶ ነው፣ እሱም ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል። ድንጋያማና ተንደርዳሪ ወንዝ ላይ በፍጥነት መለኪያ መዘውር የሚወሰድ ልኬትም አያስተማምንም። እዚያ የሚሻለው የጨው ዘዴ ነው፦ ክብደቱ የታወቀ የገበታ ጨው በባልዲ ሟምቶ ወንዙ ውስጥ ይደፋል፤ ከታች የቆመ ሰው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በየጥቂት ሰከንዱ ይመዘግባል፤ ቁጥሩ ወጥቶ ሲመለስ ከተሠራው ኩርባ ስፋት ፍሰቱ ይሰላል። ከጥር እስከ መጋቢት ቢያንስ በሁለት ዓመት ውስጥ የተወሰዱ እንዲህ ያሉ ልኬቶች ከሌሉ፣ ክፍያው ራሳችሁ አንድ በጋ ለክታችሁ እስክትጨርሱ ይቆይ። ከመጥለፊያው (የወንዙ ውሃ ወደ ጣቢያው ከሚዞርበት ቦታ) በላይ የመስኖ ቦይ መኖሩንም ተመልከቱ፤ ገበሬው ውሃውን የሚፈልገው እናንተ በምትፈልጉበት ወር ነው።

ክረምቱ ሌላ ጣጣ አለው፤ አሸዋ። የሂማላያ ወንዝ የሚያመጣው ደለል ኳርትዝ የበዛበት ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ ተርባይን ከሚሠራበት ባለ13 በመቶ ክሮም ብረት ይጠነክራል። በ12 ሜጋዋቱ ጂምሩክ የደረሰው ጉዳት በዘርፉ ሁሉ የታወቀ ነው፦ በአንድ ክረምት ውስጥ የውሃ መሪ ቅጠሎች ጠርዛቸው ይበላል፣ የተሽከርካሪው (ውሃ የሚያዞረው የተርባይኑ ክፍል) ምላጭ መውጫ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሸራረፋል፣ በክፍተቱ ውሃ ሥራ ሳይሠራ ያልፋል። ስለዚህ የደለል ማጥሊያው ገንዳ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቅንጣት 90 በመቶ እንዲያስቀር ተነድፎ እንደሆነ ጠይቁ። ሁለት ገንዳ ጎን ለጎን መኖሩንም እዩ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። በተንግስተን ካርባይድ የተቀባ ተሽከርካሪና አንድ ሙሉ መለዋወጫ በመጀመሪያው ግዥ ውስጥ ይካተት። ለ42 ሜጋዋት 3 እኩል ተርባይን ጥሩ ነው፦ በ3.6 ሜትር ኩብ አንዱ ብቻ በ63 በመቶ ጭነት ይሠራል። ሁለት ትልልቅ ቢሆኑ በበጋ አንዱ ከግማሽ በታች እየሠራ ብቃቱ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣልም።

ዋሻው ላይ ዋናው ጥያቄ የዓለቱ አደጋ በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ነው። በዳርቹላ በ30 ሜጋዋቱ ቻሜሊያ ዋሻው 800 ሜትር ገደማ ርዝመት ላይ በተራራው ግፊት እየተጨመቀ ጠበበ። የተቆፈረው እንደገና መቆፈር ነበረበት፤ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ በላ፣ ጣቢያው የተጠናቀቀው በ2018 ነው። ተቋራጭ «ሁሉንም በቁርጥ ዋጋ» ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ዋሻ ውስጥ የቁርጥ ዋጋ ጠብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል፣ ወለዱ ግን አይቆምም። ዋሻው በዓለት ደረጃ በተከፋፈለ የሜትር ዋጋ፣ ማሽኑና ቧንቧው በቁርጥ ዋጋ ቢሆኑ ይሻላል። ፈንጂ የሚጠበቀው በኔፓል ጦር መሆኑንም አስቡበት። የማከማቻ ቤቱን፣ የወታደሮቹን ካምፕና ወጪያቸውን ባለፕሮጀክቱ ይሸፍናል፤ ፈቃዱ ከዘገየ ቁፋሮው ይቆማል። በሥራ መርሐ ግብር ላይ ይህ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።

ከመጥለፊያው በላይ ያለውን የበረዶ ግግር ሐይቅ ደግሞ ከካትማንዱ ሆናችሁ አታዩትም። በ2020 በወጣው የዓለም አቀፉ የተራራ ልማት ማዕከል (ኢሲሞድ) ቆጠራ አደገኛ ከተባሉት 47 ሐይቆች 25ቱ በቲቤት፣ 21ዱ በኔፓል፣ 1ዱ በህንድ ናቸው። ወንዛችሁ ከቲቤት የሚነሳ ከሆነ አደጋው ከድንበር ማዶ ነው። ቦቴ ኮሺ በ2015 በምድር መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ጥገና ላይ ሳለ በሐምሌ 2016 ከቲቤት የተነሳ ጎርፍ መጥለፊያውን አፈረሰው፤ ለዓመታት አላመነጨም። በጥቅምት 2023 በህንድ ሲኪም የ1,200 ሜጋዋቱ ቲስታ 3 ግድብ በሐይቅ ጥሰት (የበረዶ ግግር ሐይቅ ድንገት ተጥሶ በለቀቀው ጎርፍ) ተጠርጎ ሄደ። ለወንዝ ፍሰት ጣቢያ የሚበጀው ዝቅተኛና ጎርፍ በላዩ ቢያልፍ የማይፈርስ መጥለፊያ፣ ከመሬት በታች የሆነ የደለል ማጥሊያና ማመንጫ ቤት፣ እንዲሁም የጎርፍ መዝጊያ በር ነው። ንድፉ «የ100 ዓመት ጎርፍ» ብቻ ካለ የዝናብ ጎርፍን ነው የቆጠረው፤ የሐይቅ ጥሰት በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። የኢንሹራንስ ውሉ የንብረት ጉዳትን ብቻ ይሸፍን ወይስ የቆመ ገቢንም፣ ለስንት ወርስ? ይህን ባንኩ ከመጠየቁ በፊት እናንተ ጠይቁ።

የማስተላለፊያ መስመሩ ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያየው፣ ገንዘብ ግን መጀመሪያ የሚበላው ነገር ነው። የክሂምቲ-ዳልኬባር 220 ኪሎቮልት መስመር በሲንዱሊ ባለመሬቶች ተቃውሞ ከአስር ዓመት በላይ ተጓትቶ በ2017 መጀመሪያ ነው ያለቀው። የእናንተ ኃይል የሚገባበት ማከፋፈያ ዛሬ የቆመ ነው ወይስ በዕቅድ ላይ? ዕቅድ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ባለሥልጣኑ መስመሩን የሚያደርስበት ቀን፣ ከዘገየ የሚከፍለው ካሳ፣ እናንተ ከዘገያችሁ የምትቀጡት መጠን። ብዙ ጊዜ የሦስተኛው ቁጥር ግልጽ ሆኖ የሁለተኛው ቀጭን ነው። በዚያው ገጽ «ውሰድ ወይም ክፈል» የሚለው ቃል (ገዥው ኃይሉን ባይወስድም ይከፍላል ማለት ነው) በሙሉ ይኑር። ክረምት ላይ አገሪቱ ትርፍ ኃይል ስላላት መንግሥት በ2025 የበጀት ንግግር ለአዳዲስ የወንዝ ፍሰት ጣቢያዎች ወደ «ስትወስድ ክፈል» (ለተወሰደው ኃይል ብቻ ወደሚከፈልበት ውል) ለመቀየር ሞክሮ ከአምራቾች ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። ባንኮች ያለ መጀመሪያው ዓይነት ውል አያበድሩም።

አንድ ሜጋዋት በ200 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ ቢሰላ ፕሮጀክታችሁ 8.4 ቢሊዮን ይሆናል። 70 በመቶው ብድር ከሆነ 5.88 ቢሊዮን፣ በ10 በመቶ ወለድ በዓመት 588 ሚሊዮን ነው። ተሠርቶ መስመር የሚጠብቅ ጣቢያ ይህን ይከፍላል፣ 1.4 ቢሊዮን ገቢም ያጣል። ሮያሊቲው (ለወንዙ አጠቃቀም ለመንግሥት የሚከፈለው) በመጀመሪያ ቀላል ነው፤ በሕጉ መሠረት በኪሎዋት 100 ሩፒ (ለእናንተ በዓመት 4.2 ሚሊዮን) እና ከሽያጩ 2 በመቶ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን 1,000 ሩፒ እና 10 በመቶ ይሆናል፤ 42 ሚሊዮን ሲደመር የገቢው አንድ አስረኛ ማለት ነው። ዋጋው በቆመበት፣ ጥገናው በበዛበት ዘመን ነው የሚመጣው። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ሰነዱን እዩ። የገቢ ግብር እፎይታውም (10 ዓመት ሙሉ፣ ቀጥሎ 5 ዓመት ግማሽ) እስከተወሰነ ቀን ማመንጨት ለጀመረ ብቻ ነው፤ ቀኑ በየበጀቱ ስለሚነካካ ያለ እፎይታው የማይቆም ስሌት አትቀበሉ።

የአካባቢ ሕጉ እስከ 50 ሜጋዋት ቀለል ያለውን የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት፣ ከዚያ በላይ ሙሉውን የተጽዕኖ ግምገማ ይጠይቃል። ሻጩ «በኋላ ወደ 55 እናሳድገዋለን» ካለ 18 ወሩ አይበቃም። መሬትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፦ በተራራማው ክፍል የይዞታ ጣሪያው 75 ሮፓኒ ነው (አንድ ሮፓኒ 509 ካሬ ሜትር ገደማ)፤ ከዚያ በላይ ኩባንያው በስሙ ለማዞር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለሕዝብ አክሲዮን ሲሸጥ 10 በመቶው በፕሮጀክቱ ለተነኩ ነዋሪዎች በመነሻ ዋጋ በ100 ሩፒ ይቀርባል። ከዚህ በፊት ለመንደሩ በቃል የተሰጠ ተስፋ፣ መንገድም ይሁን ትምህርት ቤት ወይም ሥራ፣ ሁሉ ተጽፎ ከገጠር ማዘጋጃው ጋር ይፈረም። የሻጩ የቃል ተስፋ ዕዳነቱ ከአክሲዮኑ ጋር ወደ እናንተ ይመጣል፤ ተስፋ የተሰጣቸው ሰዎችም መብታቸውን መጠየቃቸው ትክክል ነው።

ገንዘቡን ስለማስገባት አጭር ነገር፦ ለፈቃዱ ጉዳይ መለያው 200 ሜጋዋት ነው፤ ከዚያ በታች የኤሌክትሪክ ልማት መምሪያ፣ ከዚያ በላይ የኔፓል ኢንቨስትመንት ቦርድ። ለውጭ ኢንቨስትመንት ይሁንታ ግን መለያው 6 ቢሊዮን ሩፒ ነው፤ ከዚያ በታች የኢንዱስትሪ መምሪያ ይፈቅዳል። ፕሮጀክታችሁ በአንዱ መለኪያ ከታች፣ በሌላው ከላይ ስለሚወድቅ የትኛው ቢሮ እንደሚፈርም አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስረግጡ። ከዚያ ገንዘቡ በስማችሁ፣ በባንክ፣ በውጭ ምንዛሪ ይግባ፤ በኔፓል ራስትራ ባንክም (ማዕከላዊ ባንኩ) እንደ ውጭ ኢንቨስትመንት ይመዝገብ። ብዙ ባለሀብት የሚወድቀው እዚህ ነው፦ ለሻጩ በሦስተኛ አገር በሚገኝ ሒሳብ ይከፍላል፣ አክሲዮኑ ይዞርለታል፣ ከዓመታት በኋላ የትርፍ ድርሻ ሊያወጣ ሲል ማዕከላዊ ባንኩ «የገባበት መዝገብ የት አለ» ይላል። መዝገብ የሌለው ገንዘብ አይወጣም።

አከፋፈሉን በተረጋገጠው ልክ ከፋፍሉት። መጀመሪያ ለ6 ወር ብቸኛ የመደራደር መብት የሚሆን አነስተኛ ክፍያ፤ ይህም ገለልተኛ የውሃ ልኬትና የሐይቅ ጥናት ለማስጠናት ይበቃል። ሁለተኛው መምሪያው የአክሲዮን ዝውውሩን በጽሑፍ ሲፈቅድና የአካባቢ ጥናቱ ሲጸድቅ። ሦስተኛው፣ ትልቁ፣ የኃይል ግዥ ውሉ በኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ጸድቆ ሲፈረም። የቀረው ባንኩ ብድሩን ሲፈቅድና የማመንጫ ፈቃዱ ሲወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች ሻጩ ለጥናት ያወጣውን በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ አይለፉ፤ እስካሁን ያለው ሀብት ያ ብቻ ነውና።

ነገ ጠዋት የምትጠይቁት የመጀመሪያ ወረቀት ከኤሌክትሪክ ልማት መምሪያ የሚወጣ ደብዳቤ ነው፤ የፈቃዱ ማብቂያ ቀን፣ የመጥለፊያውና የማመንጫ ቤቱ መጋጠሚያ ነጥቦች፣ ከላይና ከታች ካሉ ፈቃዶች ጋር አለመደራረቡ፣ ክፍያው መጠናቀቁ የሚገለጽበት። ቀኑ በኔፓል ቢክራም ሳምባት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፤ ዓመቱ ከአውሮፓው በ56 ወይም በ57 ይበልጣል፣ አዲስ ዓመቱም የሚገባው በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ሻጩ «18 ወር» ያለው በትክክል ተቆጥሮ እንደሆነ ከዚያ ደብዳቤ ላይ ራሳችሁ አስሉት።